ስሙን ሲጠብቅ የኖረ ልክ

ተማሪው በሳይንሳዊ ካልኩሌተሩ ላይ ሳይን 30 ብሎ ይጫናል። የሚጠብቀው መልስ 0.5 ነው፤ የሚያገኘው ግን ከዜሮ በታች 0.988። ጣቱ አልሳተም፣ ማሽኑም አልተበላሸም። በስክሪኑ አናት ላይ ‹ዲ› መሆን የነበረባት ትንሽ የላቲን ፊደል ‹አር› ሆናለች። ማሽኑ 30ን የቆጠረው በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ነው። ከዚያች ፊደል ጀርባ ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪክ አለ።

ዲግሪ ጥንታዊ ነው። በ60 ይቆጥሩ ከነበሩት ባቢሎናውያን የተወረሰውን ስሌት የግሪክ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ተቀብለው ክብን ለ360 ከፈሉት። 360 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ለሥራ ይመቻል። ነገር ግን ቁጥሩን የመረጠው ሰው ነው፤ ክቡ ራሱ 360ን አያውቅም።

ክብን በራሱ አካል ለመለካት መንገዱን ያሳየው በካምብሪጅ ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው ሮጀር ኮትስ ነው። የኒውተንን ‹ፕሪንኪፒያ› የተባለ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ያሰናዳው እሱ ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ከክቡ መሃል እስከ ጠርዙ ያለውን ርዝመት፣ ማለትም ራዲየሱን፣ ወስዶ በጠርዙ ላይ ማጠፍ። ያ ቅስት መሃል ላይ የሚከፍተው ማዕዘን 57.2958 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮትስ ግን ሥራውን በመጽሐፍ ሳያይ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1716 በ33 ዓመቱ አረፈ። ጽሑፎቹን ሰብስቦ በ1722 ያሳተመለት የአክስቱ ልጅ ሮበርት ስሚዝ ነው።

ልኩ ስም ሳይወጣለት ቆየ። በ1869 በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ያስተምር የነበረው ቶማስ ሙር ‹ራድ› ልበለው ወይስ ‹ራዲያል› ወይስ ‹ራዲያን› እያለ ያመነታ ነበር። ‹ራዲያን› የሚለው ስም ታትሞ የወጣው የፊዚክስ ሊቁ የሎርድ ኬልቪን ታላቅ ወንድም ጄምስ ቶምሰን በቤልፋስት ኩዊንስ ኮሌጅ ባወጣው የፈተና ወረቀት ላይ ነው። ቀኑ ጁን 5፣ 1873 ነበር፤ ኮትስ ባረፈ ልክ በ157ኛው ዓመት፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ቀን።

ከዚያ በኋላ 100 ዓመት ያህል አልፎ ነገሩ ወደ ኪስ ገባ። በ1972 የወጣው የሂውሌት-ፓካርድ 35 የኪስ ካልኩሌተር ሳይንና ኮሳይን የሚያሰላው በዲግሪ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የመጣው 45 ግን ዲግሪን፣ ራዲያንንና የፈረንሳይ አብዮት ዘመን ውርስ የሆነውን ግራድን አስመርጦ ያሰላ ጀመር። ተማሪዎቻችን ዛሬ የሚያገላብጧት ምርጫ ይህችው ናት።

ለመለወጥ፣ ዲግሪውን በፓይ አባዝቶ ለ180 ማካፈል ነው፤ 30 ዲግሪ 0.5236 ራዲያን ይሆናል። ወደ ኋላ ሲመለሱ በ180 አባዝቶ ለፓይ ማካፈል። ይህን ከመሸምደድ በፊት ግን ልጆቻችንን ምጣድ አጠገብ እናስቀምጣቸው። ክር በምጣዱ መሃል አሳልፈው ከዳር እስከ ዳር ይለኩ፣ ለሁለት ይጠፉት፣ በእጥፉ ልክ ቆርጠው በጠርዙ ዙሪያ ይዘርጉት። ሦስት ጊዜ ከተዘረጋ በኋላ ግማሽ ክቡ ሊሞላ የክሩ አንድ ሰባተኛ ያህል ይቀረዋል። ሦስቱ ክርና ያቺ ቀሪ ተደምረው ፓይ ናቸው፤ 180 ዲግሪም እነሱው ናቸው። ይህን በእጁ የለካ ልጅ በስክሪኑ አናት ላይ ያለችውን ፊደል ሳያይ ቁልፍ አይጫንም።