ያላለቀሰችው እናት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቤት ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ፣ ታክሲ ላይ ያላችሁ ደግሞ መውረጃችሁ እንዳያልፋችሁ እየተጠነቀቃችሁ አንብቡት።

መነሻዬ የራሴ ጥፋት ነው። በቅርቡ አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። አሟሟቷ አጠራጣሪ ነው ተባለና ከቀብር በኋላ ፖሊስ ባሏን ለጥያቄ ጠራው። ያኔ የቀብሩ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ተዳረሰ። ሰውየው መቃብሩ አጠገብ ቆሞ ስልኩን ያያል። አንዴ ደግሞ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ሲያወራ ፈገግ ያለ ይመስላል። ከቪዲዮው ሥር ምን ምን እንደተጻፈ መገመት አያቅታችሁም።

እኔም ጻፍኩ። «ይሄ የሐዘንተኛ ፊት ነው?» አራት ቃል ናት። ላይኩ ጎረፈ። በማግስቱ ማታ ድሮ ያስተማርኳት አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር መልእክት ላከችልኝ፦ «ቲቸር፣ ሟቿ አክስቴ ናት። ሰውየው ያድርገው አያድርገው እኔም አላውቅም፣ ገና እየተመረመረ ነው። ግን እርስዎ ያኔ ክፍል ውስጥ ‹ይህን በምን አወቅን?› እያሉ ነበር የሚያስጨንቁን። አሁን እርስዎ በምን አወቁ?»

መልስ አልነበረኝም። የጻፍኩትን አጠፋሁ፣ ይቅርታም ጠየቅኋት። ከዚያ ድሮ ያነበብኩት አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ለእሷም ለእናንተም ያ ትምህርት አለብኝ፤ ይኸው።

ነገሩ የሆነው አውስትራሊያ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቀኑ ኦገስት 17፣ 1980 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 11 ቀን 1972፣ ፍልሰታ ላይ መሆኑ ነው። ሊንዲ ቻምበርሌይን የምትባል እናት ከባሏ ከማይክልና ከሦስት ልጆቿ ጋር አገር ልታይ ወጥታ፣ በአገሪቱ እምብርት በረሃው መሀል ከሚገኘው ኡሉሩ ከሚባለው ትልቅ ቀይ አለት አጠገብ ድንኳን ተክለው ነበር። ያኔ ስሙ ኤርስ ሮክ ነው። ትንሿ ልጅ አዛርያ የዘጠኝ ሳምንት ጨቅላ ናት። እናቷ ድንኳን ውስጥ አስተኝታት ሌሎቹ ወዳሉበት ወደ እራት ማብሰያው ሄደች። ብዙም ሳይቆይ የልጅ ለቅሶ ተሰማ። ሊንዲ ስትሮጥ ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ ከድንኳኑ ሲወጣ አየች፤ ልጅቷ የለችም። ዲንጎ ልጄን ወሰደብኝ ብላ ጮኸች።

እኛ አገር አንዲት እናት «ጅብ ልጄን ወሰደብኝ» ብትል ሰው ዱላውንና ችቦውን ይዞ ይወጣል እንጂ ጅብ እንዲህ ያደርጋል ወይ ብሎ አይከራከርም። እዚያም የመጀመሪያው ሌሊት እንደዚያው ነበር። በሰፈሩ ያደሩት መንገደኞች ባትሪ ይዘው ወጡ። ዱካ ማንበብ የሚያውቁት የአገሬው ተወላጆች የዲንጎ ኮቴ አሸዋው ላይ አገኙ፤ አውሬው ሸክም ይዞ እንደሄደ ተናገሩ። የፓርኩ ኃላፊም ዲንጎዎቹ ሰው እየደፈሩ መምጣታቸውን ቀደም ብሎ አሳስቦ ነበር። ከሳምንት በኋላ የልጅቷ ልብስ በደም ተለውሶ ተገኘ። አስከሬኗ ግን እስከ ዛሬም አልተገኘም።

ታዲያ እንዴት ተበላሸ? በቴሌቪዥን ነው የተበላሸው።

ባልና ሚስቱ የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ናቸው፤ እሱ ፓስተር ነው። ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ ረጋ ብለው ስለ ፈጣሪ ፈቃድና ስለ ትንሣኤ ያወራሉ። ሊንዲ ካሜራ ፊት አትፈርስም። እንዲያውም ልብሱ ብዙ ሳይቀደድ አውሬው እንዴት ሊያወጣት እንደሚችል ስትጠየቅ፣ ዲንጎ ምግቡን እንዴት እንደሚልጥ በእርጋታ አስረዳች። በቃ! «የወለደች እናት እንዲህ ታወራለች?» ተባለ። አለባበሷ ተቆጠረ፣ መነጽሯ ተቆጠረ፣ እንባዋ ተቆጠረ። ባሏም በማግስቱ ለጋዜጣ የሚሆን ፎቶ ማንሳቱ ተያዘበት።

ወሬው እያደር ክንፍ አወጣ። አዛርያ ማለት «በበረሃ የቀረበ መሥዋዕት» ማለት ነው ተባለ። ይሄን ስሰማ ነው ሁሌ የሚያስቀኝም የሚያሳዝነኝም። አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል ሲባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ? ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሄደ ሁሉ የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ያውቃል። አዛርያ በዕብራይስጥ «እግዚአብሔር ረዳ» ማለት ነው። አንድ መዝገበ ቃላት ገልጦ ማየት ይበቃ ነበር። እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ እዚያ ግን ስሙን የተረጎመው አሉባልታ ነው። ልጅቷን ጥቁር ቀሚስ ታለብሳት ነበር ተባለ፤ እውነት ነው፣ ጥቁር ቀሚስ ነበራት፣ ታዲያ ምን ይጠበስ? ቤታቸው ውስጥ ትንሽ የሬሳ ሣጥን አለ ተባለ፤ እሱም እውነት ነው፣ ፓስተሩ ሲጋራ ስለማቆም ሲያስተምር ለማሳያ የሚይዛት ናት። እያንዳንዱ ነገር ብቻውን ተራ ነገር ነው። አንዴ «ገድላታለች» ብሎ ለወሰነ ሰው ግን ሁሉም ማስረጃ ሆነለት።

የመጀመሪያው የአሟሟት ምርመራ ችሎት በፌብሩዋሪ 1981 ልጅቷን የወሰዳት ዲንጎ ነው፣ ወላጆቿ ንጹሕ ናቸው ብሎ ወሰነ። ወሬው በዝቶ ስለነበር ዳኛው ውሳኔውን በቴሌቪዥን በቀጥታ እንዲተላለፍ አደረገ። ሕዝቡ ግን አልሰማም። ጉዳዩ እንደገና ተከፈተ። ከእንግሊዝ የመጣ ባለሙያ ልብሱ የተቆረጠው በስለት ነው አለ። መኪናቸው ውስጥ የጨቅላ ሕፃን ደም ተረጭቶ ተገኘ ተባለ። ዓቃቤ ሕግ የመግደያ ምክንያት ማቅረብ አልቻለም፤ አስከሬን የለም፤ ያየ ምስክር የለም። ዳርዊን ከተማ ፍርድ ቤቱ በር ላይ «ዲንጎው ንጹሕ ነው» የሚል ቲሸርት የለበሱ ሰዎች ነበሩ። ኦክቶበር 29፣ 1982 ሊንዲ በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ባሏ በግብረ አበርነት በገደብ ተለቀቀ። እሷ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እስር ቤት ሆና ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቷን ወዲያው ወሰዱባት።

አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ያን ሌሊት እዚያ ሰፈር የነበሩት፣ ለቅሶውን በጆሯቸው የሰሙት፣ እናቲቱን በቅርብ ያዩት ሰዎች አመኗት። ዱካውን በዓይናቸው ያዩት የአገሬው ሰዎች ዲንጎ ነው ብለዋል። የፈረደባት በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ፊቷን በስክሪን ያየ ሕዝብ ነው። ዳኝነት የተቀመጡት አሥራ ሁለቱ ዜጎችም ለሁለት ዓመት ያ ሁሉ ወሬ ሲወራ ከኖረበት አገር የመጡ ናቸው። ቅርብ ያለው ያየውን ይናገራል፤ ሩቅ ያለው የመሰለውን።

ይግባኝ አለች፣ ተሸነፈች። ደግማ ብትልም በ1984 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገባት። ከዚያ በ1986 መጀመሪያ ላይ አንድ እንግሊዛዊ መንገደኛ ኡሉሩን ሲወጣ ወድቆ ሞተ። የእሱን አስከሬን ሲፈልጉ የዲንጎ ጉድጓድ ካለበት አካባቢ አንዲት ትንሽ የሕፃን ሹራብ አገኙ። ሊንዲ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ለብሳዋለች ስትል የነበረችው፣ ዓቃቤ ሕግ «ውሸት ነው» ያለው ሹራብ ነው። በቀናት ውስጥ ተፈታች። ከሦስት ዓመት በላይ ታስራለች።

ቀጥሎ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን «የሕፃን ደም» የተባለውን መረመረው። ለካ መኪናው ውስጥ የተረጨው ነገር ፋብሪካው ድምፅ እንዲቀንስ የሚቀባው ቅብ ነው! በ1988 የጥፋተኝነት ውሳኔው ተሻረ። በ1992 ካሳ 1.3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተሰጣቸው። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ግን የአዛርያ አሟሟት እንደተንጠለጠለ ቆየ። በመጨረሻ ጁን 12፣ 2012 አራተኛው የአሟሟት ምርመራ ልጅቷን የገደላት ዲንጎ ነው ብሎ ዘጋው፤ ዳኛዋም ለወላጆቹ ሐዘኗን ገለጸች። ሠላሳ ሁለት ዓመት! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ልክ ነው፣ ይጠራል። እስኪጠራ ድረስ ግን ጨለማው ውስጥ የምትቆየው አንዲት ሰው ናት።

«እሺ ቲቸር፣ እሷ ንጹሕ ሆና ተገኘች፤ ጥፋተኛ የሆነስ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንግዲህ ሌላ እናት ልጥራላችሁ። በ1994 አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሱዛን ስሚዝ የምትባል ሴት አንድ ጥቁር ሰው መኪናዬን ከነሁለት ልጆቼ ቀምቶኝ ሄደ አለች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በቴሌቪዥን እያለቀሰች ልጆቼን መልሱልኝ ብላ ለመነች። አገር አብሯት አለቀሰ። ጥቁር ወንዶች በጥርጣሬ ዓይን ታዩ፣ ተጠየቁ። በዘጠነኛው ቀን አመነች፦ መኪናውን ከነልጆቹ ሐይቅ ውስጥ የከተተችው ራሷ ናት።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። ያላለቀሰችው እናት ንጹሕ ነበረች፣ ታሰረች። ያለቀሰችው ገዳይ ነበረች፣ ታመነች። እንባ ለሁለቱም ላይ አልመሰከረም። የሱዛን ስሚዝን እውነት ያወጣው የፊቷ ሁኔታ ሳይሆን መርማሪዎች የተናገረችውን ቃል እያጣሩ፣ የማይገጥመውን እየለዩ መልሰው መላልሰው መጠየቃቸው ነው። ጠባይ ለመርማሪ ጥያቄ ይከፍትለት ይሆናል፤ መልስ ግን አይሆንም።

ደግሞ እኛ ይሄን ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «እንባ ጠብ አላላትም»፣ «ደረቷን እንኳ አልመታችም» ያላለ ማን አለ? ድንጋጤ ሰውን እንደሚያደርቅ፣ ብዙ ሐዘንተኛ ድንኳኑ ከፈረሰና ሰው ከተበተነ በኋላ ብቻውን እንደሚያለቅስ እያወቅን ነው። ድሮማ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበረን። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና እየተንገዳገደ ሲሄድ ይከተሉታል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ዛሬ ስንሰማው እንስቃለን። ግን እኔ ባለፈው የጻፍኩት አራት ቃል ከዚያ በምን ይሻላል? በአውጫጭኝ እንኳ ሰው ጎረቤቱ ፊት ቆሞ ነው የሚናገረው። እኔ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ ነው የጻፍኩት።

አንድ ነገር ግን በትክክል ያዙልኝ። ዝም እንበል እያልኩ አይደለም። ሴት ቤቷ ውስጥ ሞታ ስትገኝ ነገሩ ተድበስብሶ እንዳይቀር ሕዝብ መጮሁ ተገቢ ነው። የአስከሬን ምርመራው ይደረግ፣ ውጤቱ ለቤተሰቡ ይነገር፣ መዝገቡ አይጥፋ፣ ያየ ሰው ሳይፈራ ይመስክር ማለት አንድ ነገር ነው። «ፊቱን እዩት፣ እሱ ነው» ማለት ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ለሟች ፍትሕ ይጠይቃል። ሁለተኛው ሰውየው ንጹሕ ከሆነ ሕይወቱን ያጠፋል። ጥፋተኛ ከሆነም ምስክሩን በወሬ ይበክላል፤ ነገ «የመሰከሩብኝ ፌስቡክ ላይ ያነበቡትን ነው» ብሎ የሚከራከርበት ቀዳዳ ይሰጠዋል። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይሉ የለ አባቶች?

እኔ ያ ሰውዬ ንጹሕ ነው አላልኩም። ጥፋተኛ ነውም አላልኩም። አላውቅም። አላውቅም ማለት ለታሪክ መምህር ነውር አይደለም፤ ለዓመታት ክፍል ውስጥ ስለው የኖርኩት ነው፣ ስልክ ስይዝ ነው የረሳሁት።

ተማሪዬ ይቅርታዬን ተቀብላለች፤ እግዜር ይስጣት። ይህን እንድጽፍም የፈቀደችልኝ እሷ ናት። የጻፍኩትን አጥፍቻለሁ ብያችኋለሁ። ሳላጠፋው በፊት ስንት ሰው ስክሪንሾት እንዳነሳው፣ የአክስቷ ልጆች ይዩት አይዩት ግን አላውቅም።

ለሟቿ ነፍስ ይማር። ለቤተሰቧ እውነቱን ያውጣላቸው። ቸር ያሰማን።