በጉን ማን አዞረው?

ቆቦ ወይ ሮቢት ገበያ ላይ አንገቱን አጋድሎ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚዞር በግ ካያችሁ አትግዙት። በሽታው «አዙሪት» ይባላል፤ ጀርመኖችም የድሮ ስሙን ያወጡለት ከመዞሩ ነው። ጥፋተኛው የኮሶ ትል ዘመድ ነው። ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ1780 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ከየት እንደሚመጣ በ1850ዎቹ ያሳየን ጀርመናዊው ሐኪም ኩኸንማይስተር ነው፦ ከውሻ የወጣ ትል ለበግ አበላ፣ በጉም ዞረ። የራስ ቅል፣ በኛ በመሐንዲሶች ዓይን፣ ክዳኑ የተዘጋ በርሜል ነው፤ ውሃ ያዘለው የትሉ ከረጢት ባደገ ቁጥር አንጎል ይጨመቃል።

ግን የዞረ ሁሉ ትል አለበት ማለት አይደለም! ከተጣለ የመኪና ባትሪ እርሳስ የላሰች ላምም ዓይኗ ይጠፋል፣ ግድግዳ በግንባሯ ትገፋለች፣ ትዞራለች።

አዙሪት የያዘው በግ ሲታረድስ? ጭንቅላቱ ጥሬውን ለውሻ ይወረወራል፤ ውሻው ሳር ላይ ይጸዳዳል፤ ያንን ሳር ሌላ በግ ይግጠዋል።