ተክሉ መጣ፣ ሥራው ቀረ፦ የሯጭ ቀርከሃ ታሪክ በአሜሪካ ጓሮዎች

በሀገራችን ቀርከሃ የሚታወቀው በባለውለታነቱ ነው። በአዊ፣ በሲዳማና በሸካ ደጋዎች ከሚበቅለው ቀርከሃ ቤት ይሠራል፣ አጥር ይታጠራል፣ ቅርጫትና ወንበር ይበጃል፤ በቤንሻንጉል ቆላ የሚበቅለው ውስጠ ድፍን ሽመልም ለግድግዳ፣ ለማገርና ለማገዶ ያገለግላል። ይህን ለሚያውቅ ሰው፣ ቀርከሃን ከጓሮው ለማስወገድ ዓመታት የሚደክም፣ ገንዘቡን የሚያፈስስ፣ ከጎረቤቱም ጋር እስከ ፍርድ ቤት የሚካሰስ ሰው መኖሩ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ምሥራቃዊና ደቡባዊ ክፍል ነገሩ እንዲህ ሆኖ ይገኛል። እጅግ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የሰሜን ቨርጂኒያ አካባቢም ከዚሁ ውጭ ስላልሆነ፣ ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን ለመመለስ ይሞክራል። አንደኛው፣ በትውልድ ሀገሩ የተከበረ ተክል በሌላ ሀገር እንዴት የጓሮ ጠላት ሊሆን ቻለ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከገባ በኋላ እንዴት ይወገዳል የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው ቢታዩም መልሳቸው አንድ መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እንጥራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ይገንዘቡልን።

በመጀመሪያ የተክሉን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀርከሃ ከሣር ወገን ነው። ከመሬት በላይ የምናየው አገዳ የተክሉ አንድ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ዋናው አካሉ በአፈር ውስጥ የተጋደመ፣ አንጓና ዓይን ያለው ግንድ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ሥረ ግንድ ብለን እንጠራዋለን። የቀርከሃ ወገኖች በሥረ ግንዳቸው በሁለት ይከፈላሉ። የአንደኛው ወገን ሥረ ግንድ አጭርና ወፍራም ስለሆነ አገዳዎቹ ተጠጋግተው ይበቅላሉ፤ ተክሉም ባለበት ይበዛል እንጂ ሩቅ አይሄድም። የቆላ ሽመላችን ከዚህ ወገን ነው። የሁለተኛው ወገን ሥረ ግንድ ግን ቀጭንና ረጅም ሆኖ በአግድም ይጓዛል፤ በየአንጓውም ካሉት ዓይኖች አዳዲስ አገዳ ያበቅላል። ይህ ሯጭ ቀርከሃ ይባላል። ይህን ልዩነት በሳይንሳዊ ስያሜ ያጸናው፣ በ1919 ወደ ቻይና ሄዶ ወደ 20 ዓመት ያህል በካንቶን ያስተማረውና የተመራመረው አሜሪካዊው የዕፀዋት ሊቅ ፍሎይድ ማክሉር ነው። ማክሉር ዕድሜውን በሙሉ ለቀርከሃ ከሰጠ በኋላ በ1970 ያረፈው ሜሪላንድ ውስጥ ቤቴዝዳ በተባለ ሥፍራ፣ በገዛ ቤቱ የቀርከሃ አትክልት መካከል ነበር።

የሯጭ ቀርከሃ ኃይል የሚታየው በጸደይ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሥረ ግንዱ ያከማቸውን ምግብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አውጥቶ ቡቃያውን ወደ ላይ ይልካል። አገዳው ከመሬት ሲወጣ የሚኖረውን ውፍረት ይዞ ይወጣል፤ በአንድ ወቅትም ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል። በጃፓን በተደረገ ልኬት አንድ አገዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1 ሜትር በላይ ማደጉ ተመዝግቧል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ተክል በቻይናና በጃፓን ለብዙ መቶ ዓመታት ከገበሬው ቤት ጀርባ ሲኖር መንደሩን እንዴት ሳይውጠው ቀረ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

መልሱ በገበሬው የሥራ ዘመን መቁጠሪያ ውስጥ ይገኛል። ሞሶ የተባለው ትልቁ ቀርከሃ ከቻይና ተነሥቶ በርዩክዩ ደሴቶች በኩል ደቡብ ጃፓን ውስጥ ወዳለችው ሳትሱማ የገባው በ1736 እንደሆነ ይነገራል። ከዚያም በየመንደሩ የተስፋፋው ለሁለት ጥቅም ነው፤ ቡቃያው ይበላል፣ አገዳው ለዕቃ ይሆናል። ገበሬው በጸደይ ዶማውን ይዞ ወደ ቀርከሃው ይገባና ገና ከአፈር ብቅ ያሉትን ቡቃያዎች ቆፍሮ ያወጣል፤ የሚያስፈልጉትን ጥቂቶቹን ብቻ እንዲያድጉ ይተዋል። በመኸርና በክረምት ደግሞ የበሰሉትን አገዳዎች መርጦ ይቆርጣል። ከቀርከሃው ወሰን አልፎ በእርሻው ውስጥ የበቀለ ቡቃያ ቢኖር፣ እርሱም የዕለት ምግብ ነውና አይቀርለትም። ስለዚህ ሯጩን ቀርከሃ በወሰኑ ያቆመው በየዓመቱ የማይቋረጥ የሰው ሥራ ነበር ማለት ነው።

ወደ አሜሪካ ሲሻገር ግን ተክሉ ብቻውን ተጓዘ። ወርቃማ ቀርከሃ የተባለው ሯጭ ዝርያ አላባማ ውስጥ የተተከለው በ1882 ነው። በዚያው ዘመን ቶማስ ኤዲሰን በ1880 ከጀመረው ምርምር የተነሣ የቀርከሃ ዝና ከፍ ብሎ ነበር፤ ይኸውም ከጃፓን የመጣ የቀርከሃ ክር ተከስሎ በኤሌክትሪክ አምፖል ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚበራ ሆኖ በመገኘቱ ነው። በ1898 የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት የውጭ ሀገር ዘርና ተክል የሚያስገባ ክፍል ሲያቋቁም፣ የክፍሉ መሪ የሆነው ዴቪድ ፌርቻይልድ ለቀርከሃ ልዩ ፍቅር ነበረው። ባርበር ላትሮፕ ከተባለ ባለጸጋ ጋር ዓለምን እየዞረ ተክል ይሰበስብ የነበረው ይህ ሰው፣ የጃፓንን ቀርከሃዎች ካጠና በኋላ ወደ አሜሪካ ስለ ማስገባታቸው በ1903 አንድ የጥናት መጽሐፍ በመሥሪያ ቤቱ ስም አሳተመ። በእርሱም ሥር የሠራው ፍራንክ ማየር፣ በ1918 በያንግትሴ ወንዝ ላይ ሕይወቱ እስካለፈ ድረስ፣ ከቻይና ብዙ ዓይነት ተክል ልኳል።

የዚህ ዘመን ሰዎች ዓላማ ቅን ነበር። ለገበሬው ርካሽ እንጨት፣ ለኢንዱስትሪ ጥሬ ዕቃ፣ ለገበታ አዲስ ምግብ ይገኛል ብለው አስበዋል። በጆርጂያ ግዛት በሳቫና ከተማ አጠገብ ያለው እርሻ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ1890 ገደማ የተተከሉት ሦስት የጃፓን ቀርከሃዎች ከጊዜ በኋላ ሰፊ ደን ሆነው ፌርቻይልድ ሲያያቸው እጅግ ተደነቀ፤ ቦታው ሊሸጥ መሆኑን በሰማ ጊዜም ላትሮፕን አግባብቶ በ1919 46 ኤከር መሬት አስገዛና ለመንግሥት በ1 ዶላር እንዲከራይ አደረገ። ይህ ጣቢያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ እስኪዛወር ድረስ የሀገሪቱ ዋና የቀርከሃ መመራመሪያ ሆኖ ቆይቷል። ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ፤ ሦስት ተክሎች ደን መሆናቸው በዚያን ጊዜ እንደ ተስፋ እንጂ እንደ ማስጠንቀቂያ አልታየም።

የታሰበው ኢንዱስትሪ አልተስፋፋም። ቡቃያውን የሚበላ ሕዝብ አልነበረም፤ አገዳውን ለዕቃ የሚቆርጥ ባለሙያም አልተገኘም። ተክሉ ግን ቀረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከተማ ዳር መኖሪያ ቤቶች በብዛት ሲሠሩ፣ ባለቤቶቹ ከጎረቤት ዓይን የሚጋርድ፣ ቶሎ የሚያድግና በክረምትም ቅጠሉ የማይረግፍ አጥር ፈለጉ። ሯጩ ቀርከሃ ለዚህ የተፈጠረ መሰለ። በተለይ ቢጫ ቦይ ያለው አገዳ ያበቀለው የቻይና ዝርያ ብርዱን ስለሚችል በየጓሮው ተተከለ። ይህ ዝርያ በማክሉር እጅ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1945 ሲሆን፣ በአሜሪካ ምድር ግን ከዚያ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ይኖር ነበር። ሯጭ ቀርከሃ በተተከለ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ዝም ያለ ይመስላል፤ ሥረ ግንዱ ግን በአፈር ውስጥ ይዘረጋል። ከጊዜ በኋላ ቤቱ ይሸጣል፤ አዲሱ ባለቤት የተክሉን ስም እንኳ ሳያውቅ፣ በአንድ ጸደይ ቡቃያው በጎረቤት ሣር መካከልና በተነጠፈው መተላለፊያ ስንጥቅ በኩል ብቅ ብቅ ይላል።

ጥፋቱ የአሜሪካ አፈር ወይም አየር ነው እንዳይባል፣ ጃፓን ራሷ ማስረጃ ሆናለች። ፕላስቲክ የቀርከሃን ዕቃ ሲተካ፣ ርካሽ ቡቃያ ከቻይና በብዛት ሲገባ፣ ወጣቱም ወደ ከተማ ሲፈልስ፣ የመንደሩ የቀርከሃ ደኖች ባለቤት አጡ። በተለይ ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ወዲህ ያልተቆረጠው ሞሶ ወደ አጎራባች ደኖችና እርሻዎች እየገባ የሌሎችን ዛፎች ብርሃን መከልከል ጀመረ። ተክሉም ሀገሩም እነዚያው ናቸው፤ የጎደለው የገበሬው ሥራ ብቻ ነው።

ይህን ከተረዳን የማስወገዱ ዘዴ ግልጽ ይሆናል። ሯጭ ቀርከሃን ማጥፋት ማለት ቀርቶ የነበረውን ሥራ አጠንክሮ መመለስ፣ ማለትም ሥረ ግንዱን ማስራብ ነው። በመጀመሪያ ተክሉ እስከ የት እንደ ደረሰ ይጣራል። ሥረ ግንዱ በአጥሩ ሥር አልፎ ከሆነ፣ በአንድ ጓሮ የተቆረጠው በሌላው ጓሮ ቅጠል እየተመገበ ይኖራልና ጎረቤታሞች ቢስማሙ ይበጃል። ስምምነት ከታጣ በወሰኑ ላይ ከ60 እስከ 75 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ቦይ ተቆፍሮ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይቀበራል። የፕላስቲኩ ጫፍ ከመሬት በላይ 5 ሳንቲሜትር ያህል ብቅ እንዲል መደረግ አለበት፤ ከላይ ሊሻገር የሚሞክረው ሥረ ግንድ በየዓመቱ ታይቶ ሊቆረጥ የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነውና።

ከዚያም ከጸደይ በፊት አገዳው በሙሉ ከመሬት ጋር ተስተካክሎ ይቆረጣል። በጸደይ ተክሉ ጎተራውን ከፍቶ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። እነዚህ ቡቃያዎች ረዝመው፣ ነገር ግን ቅጠላቸውን ገና ሳይዘረጉ መቆረጥ አለባቸው፤ ሥረ ግንዱ ብዙ ምግብ አውጥቶ ምንም ያላስገባበት ሰዓት ይህ ነው። በበጋው ወራት ቀጫጭን፣ ሣር መሳይ ቡቃያዎች ይከተላሉ፤ እነርሱም በየጊዜው ይታጨዳሉ። በሁለተኛው ዓመት የሚወጣው ከመጀመሪያው ያነሰና የቀጠነ ይሆናል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በመካከሉ አንድ ጸደይ ከታለፈ ግን ጎተራው እንደገና ይሞላል።

መፋጠን የሚፈልግ ሰው መቆፈር ይችላል። ሥረ ግንዱ በአብዛኛው ከአፈሩ የላይኛው 30 ሳንቲሜትር አያልፍም፤ ነገር ግን እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለሆነ ዶማና መጥረቢያ፣ ለሰፊ ቦታም መቆፈሪያ መኪና ይጠይቃል። ሕያው ዓይን ያለው ቁራጭ በአፈር ውስጥ ከቀረ ይበቅላል፤ ስለዚህ ቁራጩ ሁሉ ተለቅሞ በፀሐይ መድረቅ ይገባዋል እንጂ በወንዝ ዳር አይጣልም። ግላይፎሴት የተባለው ፀረ አረምም በአዲስ ቅጠል ወይም ወዲያው በተቆረጠ ጉቶ ላይ ሲደረግ ይረዳል፤ ሆኖም አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎ የሚበቃው እምብዛም ነው። በውኃ አጠገብና በሌሎች ተክሎች መካከልም ጥንቃቄ ይሻል። ጨው መነስነስ ግን ቀርከሃውን ሳይሆን አፈሩን ይጎዳል።

ጎረቤታሞች መስማማት ሲያቅታቸው ሕግ ገባ። ኮነቲከት በ2013 ባወጣው ሕግ፣ ሯጭ ቀርከሃ በተገቢው ግርዶሽ ካልተከለለ በቀር ከጎረቤት ወሰን በ40 ጫማ ርቀት ውስጥ እንዳይተከል ከለከለ፤ የተከለውንም ሰው ወሰን አልፎ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ አደረገው። ኒውዮርክ በ2014 ወርቃማውንና ባለ ቢጫ ቦዩን ዝርያ ከተከለከሉ ተክሎች መዝገብ ውስጥ አስገባች። ቨርጂኒያ በ2017 ለአካባቢ መስተዳድሮች የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጠች፤ በዚሁ መሠረት የፌርፋክስ አውራጃ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ፣ ባለ ይዞታው ሯጭ ቀርከሃው ወደ ሌላው ይዞታ ወይም ወደ ሕዝብ መንገድ እንዳይዛመት የመከላከል ግዴታ ጣለበት። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ቤት የሚገዛ ሰው ከጣራውና ከመሠረቱ ጋር የጓሮውንም ቀርከሃ አስቀድሞ ቢመረምር ይጠቀማል።

ይህ ታሪክ ለሙያ ማኅበራችን አባላት ምን ይነግረናል? ከእስያ የመጡ የቀርከሃ ዝርያዎች ለምርምርና ለልማት ወደ ሀገራችን ገብተዋል። አብዛኞቹ ባሉበት የሚበዙ ዓይነቶች ስለሆኑ የአሜሪካው ጓሮ ችግር በቀጥታ ይደርስብናል ብለን አንሰጋም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለአፈር ጥበቃ ተብሎ በአፋር የተተከለው ፕሮሶፒስ የግጦሹን መሬት እንዴት እንደ ወረረው እናውቃለን። እርሱንም ያመጡት ሰዎች ቅን ነበሩ። ተክል ስናስገባ ስለ እድገቱ ፍጥነት፣ ስለ ምርቱና ስለ ድርቅ መቋቋሙ የምንጽፈው ዘገባ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም በዘገባው ላይ አንድ ዓምድ ሊጨመርበት ይገባል፦ ይህን ተክል በትውልድ ሀገሩ በልኩ ያቆየው የማን ሥራ ነው? ያን ሥራ እዚህ የሚሠራው ማን ነው? ጥቅሙስ ሥራውን በየዓመቱ የሚያሠራ ነው ወይ? ለእነዚህ መልስ ካልተገኘ፣ ችግኙ ከችግኝ ጣቢያ ባይወጣ ይሻላል።