ቤተ እስራኤልና የጋብቻ ጥያቄ፦ በአይሁድ ሃይማኖት ውስጥ የልዩነት ወሰን

አንድ ሃይማኖት የውስጥ ልዩነትን እስከ ምን ድረስ ይታገሣል? የቤተ እስራኤል ታሪክ እንደሚያሳየው ወሰኑ የሚገኘው ከጸሎትና ከበዓል ይልቅ በጋብቻ ላይ ነው።

በጎንደር፣ በስሜንና በወገራ የኖረው ቤተ እስራኤል ሕጉን የተማረው በግዕዝ ከተጻፈው ኦሪት ነው። ታልሙድን አያውቅም ነበር፤ በረቢ ፈንታ ቄሶችና መነኮሳት ነበሩት፤ ለፋሲካም መሥዋዕት ያርድ ነበር። ይህም ሆኖ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካይሮ የነበሩት ረቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ ሕዝቡ ከዳን ነገድ መሆኑን ጻፉ። እኚሁ ረቢ ግን የጋብቻና የፍቺ ሥርዓቱን በጥርጣሬ ተመለከቱት። የሴፋርዲ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 የእርሳቸውን ምስክርነት ተከትለው የሕዝቡን አይሁድነት አጸኑ፤ በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕግ እንዲጸናለት ወሰነ።

ጥርጣሬው እንደገና የተነሣው በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል፣ በሙሴ ዘመቻ፣ ወደ 8000 የሚጠጉ ሰዎች እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው። የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ለመጋባት የሚሹት አስቀድመው በሥርዓቱ ውኃ እንዲነከሩ ጠየቀ። በረቢዎች ሕግ መሠረት፣ ደንቡን የጠበቀ የፍቺ ደብዳቤ ሳትቀበል ሌላ ባል ያገባች ሴት የምትወልደው ልጅ፣ ከሌሎች አይሁድ ጋር እንዳይጋባ ይከለከላል። የቤተ እስራኤል ፍቺ በዚያ ደንብ ስላልተፈጸመ ጥርጣሬው በሁሉም ላይ ወደቀ። መነከሩ ጥርጣሬውን የሚያነሣው ሰውየውን ወደ ሃይማኖቱ አዲስ እንደገባ በመቁጠር ነበር።

መድኃኒቱ ግን ራሱ ውርደት ሆነ። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ቆጥሮ የሚጋባ፣ ከባዕድ ሰው ጋር ሲነካካ እንኳ በወንዝ ውኃ ይነጻ የነበረ ሕዝብ፣ ወደ ገዛ እምነቱ እንደገና እንዲገባ ተጠየቀ። በ1985 ተቃዋሚዎች በኢየሩሳሌም በጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። በመጨረሻ መፍትሔ የሆነው የክርክሩ እልባት አልነበረም፤ የነታንያው ረቢ ዳዊት ሸሉሽ ያለ መነከር ጋብቻቸውን እንዲመዘግቡ ተደረገ።

በ2008 ስግድ በሕግ የአገሪቱ በዓል ሆነ። ለቄሶች ግን ጋብቻ የመመዝገብ ሥልጣን አልተሰጣቸውም። ስግድ የሌላውን አይሁዳዊ የዘር ሐረግ አይነካም፤ ጋብቻ ግን ይነካል። ስለዚህ ልዩነቱ በዓል ሆኖ ሲከበር፣ ሕግ ሆኖ አልታወቀም።