ፐርሲ ስሙን ሲጽፍ

ለንደን የምትኖረው ታላቅ እህቴ ባለፈው ኅዳር ደወለችልኝ። «ልጁ ዛሬ ያነበበውን ገጽ ነገ እንደ አዲስ ነው የሚያየው» አለች። ትምህርት ቤቱ «ቤት ውስጥ በሌላ ቋንቋ ስለምታወሩ ነው፤ ትንሽ ጠብቁ» ብሏታል። ስትጠብቅ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ልጁም ዘጠኝ ሞላው። እኔ አዲስ አበባ ኮድ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ስለ ትምህርት ምን አውቃለሁ? ለከተማው ምክር ቤት ደብዳቤ እንዳረቅላት ስትጠይቀኝ ግን ስለ ዲስሌክሲያ ማንበብ ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ፐርሲ ስለሚባል የ14 ዓመት ልጅ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ጻፈ። ፐርሲ ለዓመታት ተምሮም ማንበብ አቅቶታል። የገዛ ስሙን ሲጽፍ እንኳ ፊደሎቹን አቀያይሮ «ፕሬሲ» ያደርገዋል። 749ን በ867 አባዛ ሲባል ግን ቶሎ፣ ያለ ስህተት ይሠራዋል (እኔ ያለ ካልኩሌተር አልሞክረውም)። መምህሩ ደግሞ ትምህርቱ በሙሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች የሚበልጠው እንደማይኖር ተናግሯል። የመፍትሔው ግማሽ እኮ መምህሩ እጅ ላይ ነበር! የሚያስገድደው አካል ግን አልነበረም።

ሕጉ እየተንገዳገደ ነው የመጣው። በ1970 የወጣ አዋጅ ዲስሌክሲያን በስሙ ጠራው፤ ሁለት ዓመት ሳይቆይ አንድ የመንግሥት አማካሪ ኮሚቴ ቃሉ ይቅር አለ። የ1981ዱ የትምህርት ሕግ ለወላጅ «ልጄ ይመርመርልኝ» የማለት መብት ሰጠ። ፓሜላ ፌልፕስ በ1985 ስትመረመር የተለየ ችግር የለባትም ተባለ፤ ዲስሌክሲያ እንዳለባት የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ከሰሰች። ክርክሩ በ2000 የጌቶች ምክር ቤት ድረስ ሄዶ ተፈረደላት። ያኔ ግን ተማሪ አልነበረችም።

በ2014ቱ ሕግ መሠረት ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ፣ ምክር ቤቱ ልጁን ይገምግም አይገምግም በ6 ሳምንት ውስጥ መመለስ አለበት። ደብዳቤውን በዚህ ጀመርኩት። ረቂቁን ሳነብላት እህቴ አቋረጠችኝ።

«ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል የሚያስቆጥሩት ዲያቆንም እኮ ‹ቡ›ን ከ‹ቢ› አይለይም ብለውኛል።»

«ይህንንማ መጀመሪያ መናገር ነበረብሽ!» አልኳት። ልጁን ያደናገረው እንግሊዝኛው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከአፉ የማይጠፋውን የቤቱን ቋንቋ ፊደል ለምን ያምታታል? ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አስገባሁት።

ሰኞ ላከችው። ፍሪጁ ላይ በለጠፈችው ካላንደር ስድስቱን ሳምንት እየቆጠረች ነው።