የጀልባውን ባትሪ ማን ይሙላው?

የስልካችሁ ባትሪ ሲያልቅ ሶኬት ትፈልጋላችሁ አይደል? ወንዝ መሃል ላይ ቢያልቅባችሁስ? ይህ ጥያቄ ከ180 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1838 ሞሪትዝ ያኮቢ የተባለ ሳይንቲስት በሴንት ፒተርስበርግ፣ በኔቫ ወንዝ ላይ በባትሪ የሚሄድ ጀልባ ሰዎች ጭኖ ነዳ። ባትሪው ግን እንደ ዛሬው የሚሞላ አልነበረም። ኤሌክትሪኩ የሚገኘው ዚንክ በአሲድ እየተበላ ስለሆነ፣ ዚንኩ ሲያልቅ ሌላ ዚንክ መግዛት ግድ ነው። ዚንክ ደግሞ ከድንጋይ ከሰል እጅግ ይወደዳል። ስለዚህ ጀልባው ሠራ፤ ሒሳቡ ግን አልሠራም።

በ1859 ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ መላ አገኘ። ሁለት የእርሳስ ሉሆችን (መጻፊያውን ሳይሆን ከባዱን ብረት ማለቴ ነው) ጠቅልሎ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነከራቸው። ይህ ባትሪ ሲያልቅ ተመልሶ ይሞላል። ግን እኮ በምን? ጥሩ ጄኔሬተር ገና ስላልነበረ፣ የሚሞላውን ባትሪ የሚሞላው ያው ዚንክ የሚበላው ባትሪ ነበር! ዜኖብ ግራም አስተማማኝ ዳይናሞ ያቀረበው በ1871 ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ለንደንን በሚያቋርጠው የቴምስ ወንዝ ላይ የሞሪትዝ ኢሚሽ ድርጅት የኤሌክትሪክ ጀልባዎችን ያከራይ ነበር። በወንዙ ዳርም መሙያ ጣቢያዎችን ዘረጋ። አንዳንዶቹ ተንሳፋፊ ነበሩ፦ የእንፋሎት ሞተርና ዳይናሞ የተጫነባቸው ጀልባዎች። አያችሁ? ሶኬቱ ራሱ ውኃ ላይ ወጣ።

ዛሬ ያ ሁሉ ማሽን በአንድ እጅ በሚነሣ የቤንዚን ጄኔሬተር ተተክቷል። የእርሳስ ባትሪ ጠባይ ግን አልተለወጠም። እስቲ እናስላ። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹ አልቋል እንበል። 50 አምፒር-ሰዓት መመለስ አለብን። ብዙ ትንንሽ ጄኔሬተሮች ላይ ያለው የ12 ቮልት መውጫ 8 አምፒር ያህል ብቻ ይሰጣል፤ 50 ለ8 ሲካፈል ከ6 ሰዓት በላይ! በጄኔሬተሩ ዋና ሶኬት ላይ 20 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር ብንሰካ ግን 2 ሰዓት ተኩል ይመስላል። ለምን «ይመስላል» አልን? ባትሪው 80 በመቶ አካባቢ ሲደርስ እንደ ጠገበ ሰው ቀስ እያለ ነው የሚቀበለው። የመጨረሻዋ ጥቂት ሰዓታት ትወስዳለች። ለዚህ ነው ብዙ ጀልበኞች ጅማሬውን በጄኔሬተር፣ ፍጻሜውን በሶላር የሚሞሉት።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። የቤንዚን ጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ጀልባ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ባትሪውም ሲሞላ በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ያወጣል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ከክፍሉ ርቆ ውጭ ይሁን፣ ባትሪውም አየር ያግኝ። ባትሪው ነገም ይሞላል፤ ሰው ግን አይተካም።