የማኬሬሬ ተማሪዎችና የለንደኑ ትርኢት

የእጅ ሥራ ያለ ሠሪው ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ራሱ ሊናገር አይችልም። ተመልካች ሲጠይቅ የሚመልስለት፣ የቱ ከየቱ አጠገብ መቆም እንደሚገባው የሚያዝዝለት፣ ለምንና እንዴት እንደ ተሠራ የሚያስረዳለት ሰው ያሻዋል። በምሥራቅ አፍሪካ የሥዕልና የዲዛይን ትምህርት ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። አስቀድሞ ባሕር የተሻገረው ሥራው ነበር፤ ሠሪዎቹ የተከተሉት ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የታሪኩ መነሻ በካምፓላ ከተማ የነበረ የአንድ መኖሪያ ቤት በረንዳ ነው። ወይዘሮ ማርጋሬት ትሮዌል በ1904 ተወልደው፣ ሥዕልን በለንደን በስሌድ ትምህርት ቤት፣ የማስተማርን ዘዴ ደግሞ ከታወቀችው መምህርት ከማሪዮን ሪቻርድሰን ተምረው ነበር። በ1929 ከሐኪሙ ባለቤታቸው ጋር ወደ ኬንያ መጡ፤ በ1935ም ወደ ኡጋንዳ ተሻገሩ። በ1937 ለማኬሬሬ ተማሪዎች በገዛ ቤታቸው በረንዳ ላይ ሥዕል ማስተማር ጀመሩ። ኋላ ለምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ መምህራንንና አርቲስቶችን ያፈራው ትምህርት ቤት መሠረቱ ይህ በረንዳ ነበር።

የማስተማር ዘዴያቸው ለመምህራን ሁሉ ሊታወስ የሚገባው ነው። የአውሮፓን ሥዕል አቅርበው «ይህን ቅዱ» አይሉም ነበር። ይልቁንም ታሪክ ይነግሯቸዋል፤ ተማሪውም ነገሩን በልቡናው ከሣለ በኋላ በወረቀት ላይ ያወጣዋል። ደግሞም ቅርጫት ስፌትን፣ ሸክላ ሥራንና ከዛፍ ልጥ የሚዘጋጀውን የአገሩን ልብስ እንደ ታናሽ ነገር አልቈጠሩም። በ1953 ከክላውስ ዋክስማን ጋር ስለ ኡጋንዳ ሕዝቦች የእጅ ሥራ ያሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ለዚህ ምስክር ነው።

የተማሪዎቹ ሥራ በ1938 በካምፓላ ለሕዝብ ታየ። በ1939 ደግሞ በለንደን በኢምፔሪያል ኢንስቲትዩት ትርኢት ሆኖ ቀረበ። ይህ ቤት ለምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1893 በንግሥት ቪክቶሪያ ተመርቆ የተከፈተው በግዛቱ ሥር የነበሩት አገሮች የሚያፈሩትን ሀብት ለእንግሊዝ ነጋዴና ሕዝብ ለማሳየት ነበር። የለንደን ሰው ቅኝ ግዛትን በዚያ የሚያውቀው በሚገኝባት ጥሬ ዕቃ ነበር። በዚህ ስፍራ የአፍሪካውያን ተማሪዎች ሥዕልና ቅርጽ መታየቱ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከዚያ አገር የሚመጣው የሚሸጥ ምርት ብቻ ሳይሆን የሰው አሳብም እንደ ሆነ አስታወቀ።

ሆኖም ሥራዎቹ ሲሻገሩ ተማሪዎቹ በካምፓላ ቀሩ። ትርኢቱን ያሰናዱት፣ ትርጓሜውንም የሰጡት ሌሎች ናቸው። መምህርቷ በጎ አሳቢ ቢሆኑም እንኳ ሠሪው በሌለበት ስለ ሥራው መፍረድ የሌላ ሰው ሥልጣን ሆኖ ይቀራል። ኋላ ከተነሡት ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ መምህርቷን የነቀፉት ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነገር ነው፤ ተማሪውን ከአውሮፓ ጥበብ ለመጠበቅ ሲሉ ሊመርጠው ይችል የነበረውን ዕውቀት ነፈጉት ይላሉ። በ1958 ጡረታ ከወጡ በኋላ የተተኩት ሴሲል ቶድ የቀለምን ሕግና የአውሮፓን የሥነ ጥበብ ታሪክ በትምህርቱ ውስጥ አስገቡ።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚበልጠውን መልስ የሰጡት ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር የተወለዱት ሳም ንቲሮ ከማኬሬሬ ወጥተው ከ1952 እስከ 1955 መምህርታቸው በተማሩበት በስሌድ ተማሩ። በዚያ ታላቅ ከተማ ተቀምጠው የሣሉት የአገራቸውን የሙዝ እርሻና የሕዝባቸውን ኑሮ ነበር። በ1956 ከሣሏቸው ሥዕሎች አንዱ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ታንጋኒካ በ1961 ነጻ በወጣች ጊዜም ሚስተር ንቲሮ የአገራቸው ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆነው ወደ ለንደን ተመለሱ። በ1939 የማኬሬሬ ተማሪዎች ሥራ ያለ ባለቤቱ በታየበት ከተማ፣ አሁን የማኬሬሬ ተማሪ ስለ አገሩ ለመናገር ቆመ።

ኬንያዊው ግሪጎሪ ማሎባም እንዲሁ ናቸው። እርሳቸውም ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ተምረው ወደ ማኬሬሬ በመመለስ አስተማሩ። በ1962 በካምፓላ የቆመውን፣ እናት ልጇን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ የምታሳየውን የነጻነት ሐውልት የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላም በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የዲዛይን ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በበረንዳ የተጀመረው ትምህርት በዚህ መንገድ ራሱን የቻለ የሙያ ትምህርት እስከ መሆን ደረሰ። በኢትዮጵያም አቶ አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተመልሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማቋቋማቸው ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ ነው።

የኢምፔሪያል ኢንስቲትዩት ሕንጻ ከጊዜ በኋላ ፈርሶ፣ ዛሬ በስፍራው ቆሞ የሚታየው ግንቡ ብቻ ነው። የማኬሬሬው ትምህርት ቤት ግን በመሥራቿ ስም እየተጠራ ይኖራል። ከዚህ ታሪክ መምህር የሚማረው ነገር ግልጽ ነው። የተማሪን ሥራ ለዓለም ማሳየት መልካም ነው፤ ተማሪው ራሱ ከሥራው አጠገብ ቆሞ እንዲናገር ማብቃት ግን የማስተማር ፍጻሜው ነው።